ፀጉር ቆራጩ የሳቀበት ሥዕል

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል የምትሠራውን ሴት ማንም በስሟ አይጠራትም። ሚሊሜትር ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት በትክክል አይታወቅም፤ የጥበቃ ኃላፊው ሳይቀር እኔ ነኝ ይላል። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ መስማቷን ተወች፣ አሁን ስልክ ስታነሳ ራሷ "ሚሊሜትር ነኝ" ትላለች።

ደግሞ ልክክ ያለ ስም ነው። የወንበሯ አራት እግሮች የት የት እንደሚያርፉ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጋለች። ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሩን አንድ ጣት ያህል ከገፋችው፣ ሚሊሜትር ጠዋት ገብታ ገና ሳትቀመጥ "ማነው የነካው?" ትላለች። እቤትም ያው ናት። ባሏ አናጢ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንጨት ሲለካ የኖረ፣ የሰው በር ሲገጥም እጁን ይባርክ የሚባል ሰው። ለራሱ ቤት መደርደሪያ የሠራ ዕለት ግን ሚስቱ ከሥራ ገብታ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

"በግራ በኩል ወርዷል" አለች።

"መደርደሪያው ምንም አልሆነም። ግድግዳው ነው የተጣመመው።"

"እንግዲያው ግድግዳውን አቅናዋ።"

ሦስት ቀን ተኳረፉ። በአራተኛው ቀን ውሃ ልኩን አምጥቶ ለካው፤ ወርዷል። ምን ያህል እንደወረደ ግን እስከ ዛሬ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለም።

ይህን ጠባይ ያመጣባት ሥራዋ ነው፤ ወይም ጠባይዋ ነው ሥራውን ያመጣላት። ሥራዋ የአንድን ሰው አንጎል ሁለት ሥዕሎች ማገጣጠም ነው። አንዱ የኤምአርአይ ሥዕል ነው፤ የአንጎሉን ሥጋ ልቅም አድርጎ ያሳያል፣ ግራጫውን ከነጩ፣ ስሱን መስመር ከወፍራሙ ይለያል። ሌላው ሲቲ ስካን ነው፤ ስለ አንጎል ሥጋ ይህን ያህል አያውቅም፣ አጥንትና ብረት ላይ ግን አይዋሽም። ኦፕሬሽን የሚሆነው ሰው በዕለቱ ጠዋት ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ፍሬም በአራት ብሎን ይታሰርለታል፤ ሐኪሙም በኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥ የምታበርደውን ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል የሚያስገባት በዚያ ፍሬም ቁጥር እየተመራ ነው። ፍሬሙን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ሲቲው ነው፤ ሽቦዋ የምታርፍበትን ቦታ የሚያሳየው ኤምአርአዩ። አንዱ ቤቱን ያውቃል መንገዱን አያውቅም፣ ሌላው መንገዱን ያውቃል ቤቱን አያውቅም። ሁለቱን ደርባ ልክ በልክ የምታስማማቸው ሚሊሜትር ናት።

እርግጥ ነው፣ መደረቡን ኮምፒውተሩ በግማሽ ደቂቃ ጨርሶ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ሚሊሜትር ለዚያ ምልክት ያላት ንቀት ወሰን የለውም። "እሱማ ምን ቸገረው፣ ጭንቅላቱ የሱ አይደል" ትላለች። ከዚያ ስክሪኑን በሁለት ትከፍለዋለች፤ በግራ ሲቲው፣ በቀኝ ኤምአርአዩ፣ መሃል ላይ ደግሞ እንደ መጋረጃ ወዲያና ወዲህ የምትገፋው መስመር። ሥዕሎቹ ከተስማሙ አንዱ ጋ የጀመረ ጠርዝ ሌላው ጋ ሳይሰበር ይቀጥላል። ይህን ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ታየዋለች፦ የአንጎሉ መሃል መስመር ላይ፣ ውሃ የቋጠሩት ክፍተቶች ጠርዝ ላይ፣ በመጨረሻም ከጆሮ ኋላ ያለው የታችኛው አጥንት ላይ። ሐኪሙ በመነጋገሪያው "ሚሊሜትር፣ ደርሰናል?" ብሎ ቢጮህም ሦስተኛው ቦታ ሳይታይ ንቅንቅ የለም።

ሌላም ሕግ አላት። ከእሷ ክፍል ምንም ሥዕል አይሰረዝም። የከሰዓት ተረኛዋ ባልደረባዋ ስንት ጊዜ ለምናታለች፤ ኮምፒውተሩ ሞልቶ ሊፈነዳ ነው፣ ቢያንስ የተበላሹትን እናጥፋ እያለች።

"አይጠፋም! የተበላሸም ቢሆን የሰው ራስ ነው" ትላለች ሚሊሜትር፤ በዚህ ይዘጋል።

አሁን ፀጉር ቆራጩ ይምጣ። የባሏ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከባሏ ጥቂት ስለሚበልጥ ጋሼ ትለዋለች። ሁለት ወንበርና አንድ ሰፊ መስተዋት ያለው ሱቅ አለው። አፉ አይከደንም። መቀስ አንስቶ እስኪያስቀምጥ የሰፈሩን ወሬ፣ የዓለምን ፖለቲካ፣ የራሱን የጋብቻ ታሪክ ከነምርቃቱ ያወርደዋል። ከአራት ዓመት በፊት ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲያርፍ ደህና ነው፤ መቀሱን ወደ ሰው ራስ ሲያስጠጋ ነው የሚብስበት። ደንበኞቹ በይሉኝታ ቆይተው ቆይተው አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። አሁን እሱ ጋ ጎራ ብለው ወሬውን ይሰሙና ለቁረጣው ጎረቤቱ ወዳለው ፀጉር ቆራጭ ይገባሉ። እሱም ያውቃል። እያወቀ ያወራላቸዋል።

አናጢው ብቻ አልከዳውም። በየወሩ እየሄደ፣ የኋላ ፀጉሩ መስመር እንደ ተራራ መንገድ ተጠማዝዞ ይመለሳል። የሚሊሜትር ዓይን በግማሽ ሚሊሜትር የሚታመም ዓይን ነው፤ ስለዚህ ባሏ ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከኋላው መሄድ አትችልም፣ ወይ ከፊት ትቀድማለች ወይ ጎን ለጎን ትሄዳለች።

"ሌላ ቦታ ብትቆረጥ ምን አለበት?"

"ጓደኛዬ ነው" ይላል። "ፀጉር እንደሆነ ይበቅላል።"

ለእንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ኦፕሬሽን እንዳለ ለፀጉር ቆራጩ የነገረችው እሷ ናት። ለባሏ ማጅራት ስትል ነው ብለው የሚያሟት አሉ። ሐሜቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን ሰውየውን ትወደዋለች። መጀመሪያ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብም አብራው ገባች። ሐኪሙ ነገር የማያስረዝም ሰው ነው።

"ሽቦዋ የምታርፍበት ቦታ የባቄላ ፍሬ አታክልም" አለው። "በጎኗ የምላስና የከንፈር መስመር ያልፋል። ሁለት ሚሊሜትር ወደ ጎን ብንስት እጅዎ ሳይድን ንግግርዎ ሊተሳሰር ይችላል። ይህን አውቀው ነው የሚፈርሙት።"

ፀጉር ቆራጩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

"ዶክተር፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም ሰው ይመጣል። ምላሴ ከታሰረ ግን ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ለጎረቤቴ መስጠት ነው። ለመሆኑ ያን ሁለት ሚሊሜትር የሚጠብቀው ማነው?"

ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ ወደ ሚሊሜትር ጠቆመ።

"እህቴ" አለ ፀጉር ቆራጩ ዞሮ፣ "እንግዲህ ምላሴን ለአንቺ አደራ ሰጥቻለሁ። ባልሽ ቢሆን እንዲቆረጥ ነበር የሚፈልገው።" ሳቀና በሚንቀጠቀጥ እጁ ፈረመ፤ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ የሐኪሙን ስም አልፎ ሄደ።

የኤምአርአዩ ቀጠሮ ከኦፕሬሽኑ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። ሚሊሜትር መሣሪያው ላይ አስተኛችውና አደራዋን አጠበቀች።

"ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። አይናገሩ፣ አይነቃነቁ።"

"ሃያ ደቂቃ? እኔ ተኝቼም ሃያ ደቂቃ ዝም ብዬ አላውቅም፣ ሚስቴን ጠይቂያት።"

አሥራ አምስት ደቂቃ እንደ ድንጋይ ጋደም አለ። ሚሊሜትርም ገና ልታመሰግነው ስታስብ የሰውየው እግሮች ሲንቀጠቀጡ በመስኮቱ አየች። እግር ደግሞ መቼ ታመመ ብላ ደንግጣ መነጋገሪያውን ተጫነች። እየሳቀ ነው።

"ምን ሆኑ ጋሼ!"

"ይቅርታ እህቴ፣ አንድ ራሰ በራ ደንበኛዬ 'ከላይ ብዙ እንዳታሳጥረው' ያለኝ ትዝ ብሎኝ ነው።"

ተቆጣችው፤ ተቆጥታም ፊቷን አዙራ ሳቀች። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፣ ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። የከሰዓት ተረኛዋ ስትገባ የመጀመሪያውን ላጥፋው ወይ ብላ ጠየቀች። መልሱን ታውቀዋለች። ስለዚህ ሁለቱም ሥዕሎች ተቀመጡ፤ በአንድ ስም፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ከሌላው በሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ተለያይተው።

የኦፕሬሽኑ ዕለት ፀጉር ቆራጩ ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ ፍሬሙ ታስሮለት በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ሲቲው መጣ። "ማን እንደላጨኝ አትጠይቂኝ፣ ጎረቤቴ ነው፤ አሳምሮ ይላጫል፣ ቀናሁበት" አላት። እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ሲርገበገቡ አየቻቸው። ሲቲው ተነሣ፣ አልጋው ወደ ላይ፣ ወደ ኦፕሬሽን ክፍሉ ወጣ፣ ሚሊሜትር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ያን ጠዋት ፈርታ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማታውቃቸውን ሰዎች ጭንቅላት ስታስተካክል ልቧ ደንገጥ ብሎ አያውቅም። የሚታወቅ ሰው ራስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ እንዲያልፍላት ፈለገች። የሥዕሎቹን ዝርዝር ከፈተች፣ ከላይ ያለውን ነካች፣ ሲቲውን ደረበችበት፣ አረንጓዴው ምልክት መጣ። መጋረጃዋን ገፋች። መሃል መስመሩ ደህና። ክፍተቶቹ ደህና። ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ ከጆሮው ኋላ፣ የአጥንቱ ጠርዝ ደብዘዝ ብሎ ድርብ የሆነ መሰላት።

"ሚሊሜትር፣ ደርሰናል?" አለ ሐኪሙ በመነጋገሪያው።

ብሎኖቹ ሲገቡ የተወጋው ማደንዘዣ ነው፣ ራሱን አሳብጦት ነው፣ ብላ ለራሷ ነገረች። እብጠት ቆዳ ያነሣል እንጂ አጥንት እንደማያደርብ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሷ አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ ሰው እንዲህ ብሏት ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስታበግነው ትውል ነበር። ራሷ ስትለው ግን አመነች።

"ደርሰናል" አለች። አጽድቃ ላከችው።

የከሰዓት ተረኛዋ ዕለቱን አስባ በጠዋት መጥታ ነበር፤ ሻይ ቀዳችላት። ሁለቱ ተቀምጠው ከላይ በመነጋገሪያው የሚመጣውን ድምፅ ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለ ኦፕሬሽን ላይ ሰውየው ነቅቶ ነው የሚቆየው፤ እጁንም ንግግሩንም እያዩ ስለሚሠሩ። መሰርሰሪያው አጉረመረመ፣ ቆመ። ሐኪሙ የፍሬሙን ቁጥሮች ጮክ ብሎ አነበበ፣ ነርሷ ደገመችለት። ቀጣዩ ሽቦዋ ናት። በዚህ መሃል ፀጉር ቆራጩ ለነርሷ አንድ ነገር አላት፤ ምን እንዳላት አልተሰማም፣ ሳቁ ግን ምድር ቤት ድረስ መጣ።

የሚሊሜትር እጅ ከነስኒው አየር ላይ ቀረ።

ያ ሳቅ። መሣሪያው ውስጥ የሳቀው ሳቅ። ስኒውን የት እንዳስቀመጠች አታውቅም፤ ዝርዝሩን ከፍታ ሰዓቱን አየች። ከላይ ያለው የሦስት ሰዓት ከአሥሩ ነው። ጥሩው የሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስቱ ነው። የላከችው ሥዕል ሰውየው የሳቀበት ነው።

ባልደረባዋ ከጀርባዋ አይታ ገባት።

"ተነቃንቋል በያቸው" አለቻት በሹክሹክታ። "ሥዕሉ ጥሩ አይደለም፣ በሽተኛው ተነቃንቋል፣ አቁሙ በይ። ውሸት አይደለም እኮ! ማን ምን ይልሻል?"

ውሸት አልነበረም። ሚሊሜትርን ያስፈራትም ይኸው ነው። ሰውየው እውነት ተነቃንቋል፣ ወረቀት ላይም ይጻፋል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷም ሳይነካ ይቀመጣል። ከላይ ደግሞ ሰውየው ነቅቶ እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። መነጋገሪያውን ተጫነች።

"ዶክተር፣ ያቁሙ። ሽቦዋን እንዳያስገቧት።"

"ምንድነው?"

"የሰጠሁዎት ሥዕል የተሳሳተ ነው። ሁለት ነበሩ፣ ከሁለቱ የተበላሸውን መረጥኩ። ጠርዙም ድርብ ሆኖ አይቼዋለሁ፣ አይቼ አለፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"



"ስንት ደቂቃ?" አለ ሐኪሙ።

"አሥራ አምስት።"

"ቀጥዪ።"

ጥሩውን ሥዕል ከፈተች፣ ሲቲውን ደረበችበት፣ መጋረጃዋን ገፋች። መሃል መስመር። ክፍተቶች። ከጆሮ ኋላ፤ ጠርዙ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ አለፈ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁለተኛውም ያው ነው። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ ከወንበሯ ተነሣች።

"ተቀመጪና እዪልኝ" አለች።

"እኔ?" አለች ባልደረባዋ። ወንበሩን እንዳትገፋው ተጠንቅቃ ነው የተቀመጠችው። ሦስቱንም ቦታ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ልትለጥፍ ምንም እስከማይቀራት ድረስ አየች።

"ደህና ነው። ከቅድሙ ጋር ያለው ልዩነት ..." ቁጥሩን አንብባ ዞር ብላ አየቻት። "አንድ ነጥብ ስምንት። ወደ ጎን።"

ወደ ጎን፣ ምላሱ ባለበት በኩል። ሚሊሜትር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ላኪው" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሚሊሜትር ደግሞ መጠበቅ አትችልበትም። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች በርዝመታቸው ደረደረቻቸው፣ አፍርሳም እንደገና ደረደረቻቸው። ከላይ አዲሶቹ ቁጥሮች ተነበቡ። ሽቦዋ ገባች። ሐኪሙ ኤሌክትሪኩን ትንሽ በትንሽ እንዲጨምሩ አዘዘ።

"የሳምንቱን ቀናት ይቁጠሩልኝ" አለ።

ሚሊሜትር ዓይኗን ጨፈነች።

"ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ" አለ ፀጉር ቆራጩ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ። "እሁድ ዝግ ነን።"

ነርሷ ሳቀች። የከሰዓት ተረኛዋ የሚሊሜትርን ክንድ ጨመቀቻት፤ ነገር ግን ገና ግማሹ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡት። ከመሃል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ክብ እንዲስል ነው የሚታዘዘው። ከአንድ ሳምንት በፊት የሳለው መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ዶሮ የጫረው መሬት ነው የሚመስለው። አሁን የእስክሪብቶው ድምፅ አይሰማም፣ የሚሰማው የመሣሪያዎቹ ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው። ቆይቶ ነርሷ "ውይ!" አለች፣ ልጇ ሲራመድ እንዳየች እናት። ሐኪሙ ነገር የማያስረዝም ሰው ነውና "ጥሩ" ብቻ አለ፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ አለው።

"ዶክተር፣ ያቺ እታች ያለችው ትሰማኛለች?" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"ትሰማለች። ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ ይናገሩ።"

"እህቴ።"

ሚሊሜትር መነጋገሪያውን ተጫነች። "አቤት ጋሼ።" ስድብም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅታ ነበር። ምላሱን አደራ ሰጥቷት በአንድ ጣት ንክኪ ልታጠፋበት ነበርና፣ ቢሰድባት እንኳ ይቀላት ነበር።

"እኔ አራት ዓመት ሙሉ ሰው በቆረጥኩ ቁጥር 'ተንቀሳቀስክብኝ' እላለሁ። የስንቱን ጆሮ ቆርጬ እሱኑ ይቅርታ አስጠይቄያለሁ። ባልሽንም ያኔ ጆሮውን ስቆርጠው 'ምን ያንቀዠቅዥሃል' ብዬ ጮኼበታለሁ።" ትንፋሹን ሳበ። "አልተንቀሳቀሰም ነበር። አንድም ቀን ተንቀሳቅሶብኝ አያውቅም። ማታ ስትገቢ ንገሪልኝ።"

ሚሊሜትር ያን ቀን አስታወሰችው። ባሏ ጆሮው ላይ ጥጥ ለጥፎ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ደም ነክቶት ገብቶ ነበር። እሷም በንዴት ጦፋ ጫማዋን ማጥለቅ ጀምራ ነበር፤ ሱቁ ድረስ ሄዳ ልትናገረው። እንባዋ መጣ፤ ባልደረባዋ እያየቻት መሆኑን ብታውቅም አልከለከለችውም።

"ያውቃል ጋሼ" አለች።

"ምኑን ያውቃል?"

"ያን ዕለት ወደ እርስዎ ልመጣ ስነሣ ለእኔም 'እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩበት' ነው ያለኝ።"